ዜማውን ማን ቋጨው

በድሬዳዋ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ ሲመለስ ጫማው ላይ አቧራ፣ ጆሮው ውስጥ ደግሞ የማያውቀው ሙዚቃ ይዞ ይገባል። አቧራውን ያራግፍና ሙዚቃውን ያስቀራል፤ ካልጣመውም ሁለቱንም ያራግፋል። ይህን እንደ ጉድ የሚያይ የለም። ሰው ከከዚራ ዛፎች በላይ በተዘረጋው የፀሐይ ሸራ ጥላ ስር ሲተላለፍ፣ በየጆሮው ያሉት ጠብታዎች ሳይነካኩ አያልፉም። ጠብታ የምስር ፍሬ የምታህል መሣሪያ ናት። ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማለች፣ ታሰማለች፣ የያዘችውንም በአጠገቧ ለምታልፈው ጠብታ ታካፍላለች። ይህ መካፈል ቅብብል ይባላል። ማከማቻ የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ የሚዘጋ በርም የለውም። ጠዋት መጋላ ገበያ ላይ የተነሣ ዜማ ለምሳ ሳቢያን ይደርሳል።

ፈትለወርቅ ያን ቀን ረፋዱ ላይ በትራም ተሳፍራ የደቻቱን ድልድይ ስትሻገር፣ ጠብታዋ እንደ ልማዷ አዲስ ነገር መድረሱን አንሾካሾከችላት። አጠገቧ ጨርቅ ጠቅልሎ የያዘ ልብስ ሰፊ ቆሟል፤ ከሱ የመጣ ይሆናል። ይሁን ብላ ለቀቀችው።

መጀመሪያ የጠጠር ድምፅ ሰማች። ጠጠር በጠጠር ላይ ይንከባለላል፤ ከሥሩ እንደ ሩቅ ባቡር የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ አለ። ፈትለወርቅ የራሷ ፋይል በስሕተት የተከፈተባት መሰላት። ያንን ጠጠር ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተንበርክካ የቀዳችው እሷ ናት። ወፍራሙንም ድምፅ በገዛ ሣጥኗ ስታበጅና ስታፈርስ ከርማለች። ሣጥን የምትለው ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚያወጣውን መሣሪያዋን ነው፤ ከተማው ውስጥ ሙዚቃን በዚህ መንገድ ብቻቸውን ከሚሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። ይህንን ሥራዋን ጠብታዋ ውስጥ አሽጋ ይዛዋለች፤ ገና ስም እንኳ አላወጣችለትም። ዜማው ወደ ላይ ይወጣና ልክ ሊወርድ ሲል ይቆማል፤ ማውረጃ አጥታለት እዚያው ላይ አንጠልጥላው ትታዋለች።

ትራሙ ውስጥ ግን አልቆመም። ወረደ። ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ አንዱን እግር እያስቀደመ ሌላውን እያስከተለ ወረደ፤ ታች ሲደርስም ጠጠሮቹ መሃል ገብቶ ጠፋ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ፈትለወርቅ መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

መሰረቅ አንድ ነገር ነው። እሷን ያስደነገጣት ግን መጨረሻው ማማሩ ነበር። የትም ያለ ሌባ የሰው ዜማ ሊወስድ ይችላል፤ የሰረቀውን ዜማ ባለቤቱ ፈልጋ ባጣችው መንገድ የሚቋጭ ግን ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሰረቃት ሰው የእጇን ሥራ ያውቃል።

ቅብብል ከመጣ ወዲህ አንዴ የተሰማ ሙዚቃ የሁሉም ነው። የሠሪው ስም እንኳ መንገድ ላይ ይራገፋል፤ ሦስተኛው ጆሮ ጋ ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ትልልቆቹ ዘፋኞች ከጀርባቸው ድርጅት ስላለ ይህ ብዙ አይጎዳቸውም። ብቻቸውን ለሚሠሩት ግን የቀረቻቸው አንዲት ነገር ናት፤ እሷም የመጀመሪያ ጆሮ ትባላለች። ሰዎች ድሮ የባቡር መጠገኛ በነበረው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ጠብታቸውን በር ላይ በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ይተዋሉ። ከዚያ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሥራ ይሰማሉ። ሲወጡ ሥራው ወደ ቅብብል ይገባል፣ የሠሪውም ስም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ለዚያች ለአንዲት ከሰዓት ግን ሥራው የሠሪው ነው፤ ሰሚውም የሠሪውን ፊት እያየ ይሰማል። የፈትለወርቅ ተራ ተቃርቦ ነበር። ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኘችው ተራ ነው።

ከትራሙ እንደወረደች በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። አዳራሹን የሚያስተዳድሩት ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሳክስፎን ይጫወቱ የነበሩ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ናቸው። ዜማውን እሳቸውም ሰምተውታል፤ ጸጉር ሊስተካከሉ በተቀመጡበት ነው የደረሳቸው። የሷ መሆኑን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከተማው የጠገበውን ነገር ልስማ ብሎ የሚመጣ ሰው እንደማይኖር፣ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርባቸው እንደሚችል ሳይደብቁ ነገሯት። ከዚያ ለማን ለማን ሰጥታው እንደነበር ጠየቋት።

«ለማንም» አለች ፈትለወርቅ። «ለኢብሳ ብቻ።»

ጋሽ ተካልኝ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ተረት፣ ለሷ ሳይሆን ለመስኮቱ የሚናገሩ ይመስል፣ ቀስ ብለው ተናገሩት። ፈትለወርቅ ኢብሳ እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳልሆነ ነግራቸው ወጣች። «ብቻ» የምትለው ቃል ግን አብራት ወጣች፤ እስከ ቤቷም አልተለየቻትም።

ኢብሳ ሣጥን ሠሪ ነው። የፈትለወርቅን ሣጥን የሠራላት እሱ ነው፤ ሲበላሽ የሚጠግነውም፣ የጀመረችውን ነገር ሁሉ ከማንም በፊት የሚሰማላትም እሱ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ኖረዋል። በአንድ ነገር ብቻ አይግባቡም ነበር። ኢብሳ ቅብብልን ይወዳል። ሙዚቃ እንደ ጎርፍ ነው፣ መንገዱን ራሱ ያውቃል፣ በር የሚያበጅለት ሰው ይደክማል እንጂ አያስቆመውም ይላል። እሷ ደግሞ ጎርፉን የሚያወድሰው ቤቱ ዳገት ላይ ያለ ሰው ነው ብላ ትመልስለታለች። ድሮ በዚህ ይሳሳቁ ነበር።

አሁን ያ ክርክር ሌላ መልክ ያዘባት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኢብሳ መለወጡንም አስታወሰች። ወደ አዳራሹ መምጣት ትቷል። በጠብታ ሲጠሩት አይመልስም። ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ሰበብ ፈጥሮ ይወጣል። እስከ ዛሬ ድካም ነው ስትለው የኖረችው ነገር ሁሉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሌባ ጠባይ ሆኖ ተሰለፈ።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ሄደች። ኢብሳ የተፈታ ሣጥን ፊቱ ዘርግቶ ሽቦ ይበይዳል። ጥላዋ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ፈትለወርቅ ፊቱን እያየች ልትጠይቀው አልደፈረችም፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዕቃዎች የምታይ መስላ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ቅብብሉ ላይ የሚዞረውን የጠጠር ዜማ ሰምቶት እንደሆነ ጠየቀችው። መልስ የለም። ዞር ስትል ወደ ሽቦው ተመልሷል። ደግማ ጠየቀችው። ቀና አለና፣ እሺ፣ እሱን ነገ እናየዋለን አላት።

እሱን ነገ እናየዋለን። ፈትለወርቅ ይህን መልስ ቀኑን ሙሉ አገላበጠችው። ያልሰማ ሰው የቱን ዜማ ይላል። የሰማ ሰው ያንቺ አይደለም ወይ ይላል። ነገ የሚለው ጊዜ የሚፈልግ ሰው ነው።

ስለዚህ ወጥመድ አዘጋጀች። የሥራዋን አንድ ቅጂ ወሰደችና መሃሉ ላይ ሆን ብላ የተበላሸ ድምፅ አስገባችበት፤ የተረገጠ ውሻ ጩኸት የሚመስል፣ ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው እንኳ የሚያስቀይም ድምፅ። ይህ ድምፅ ቅብብሉ ላይ ብቅ ካለ ያወጣው ኢብሳ ነው። ካላለም፣ ሲሰማው የሚያሳየውን ፊት ታያለች። ኢብሳ ማለት አንድ ጊዜ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ድምፅ ከዜማዋ ጋር በጸጉር ስንጥር ያህል ይጋጫል ብሎ ሥራ ያስቆማት ሰው ነው።

ቅጂውን ወስዳ አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ኢብሳ በስክሪኑ ላይ የሚሄደውን የድምፅ ሞገድ እያየ አዳመጠ። የተበላሸው ቦታ ደረሰ። ፈትለወርቅ ራሷ ሳታስበው ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። ኢብሳ ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አላት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጥርጣሬ መባሉ ቀረ፤ እርግጠኛ ሆነች። ወጥመዱን አሽትቶታል። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ያንን ጩኸት ሰምቶ ዝም የሚለው ዝም ማለት ሲያስፈልገው ነው። ቀናት አለፉ፤ ቅብብሉ ላይ የሚዞረው ዜማ ያው በቆንጆ መጨረሻው የተቋጨው ነው፤ የውሻው ጩኸት የትም አልተሰማም። ይሄም በሷ ዘንድ ማስረጃ ሆነ። ሌባ መሆኑን ያረጋገጠላት ምንም አለመስረቁ ነበር፤ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑን ያኔ አላስተዋለችም።

ወደ አዳራሹ ሄዳ ስሙን ጠራች። ጋሽ ተካልኝ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ለልምምድ የመጡ ሌሎች ሙዚቀኞች ነበሩ። ሥራዬን ያወጣው ኢብሳ ነው አለች፤ ያለ እሱ የሰማው የለም፣ ፈትኜዋለሁም አለች። እንዴት እንደፈተነችው ማንም አልጠየቃትም። አንደኛው ሙዚቀኛ ያለፈው ዓመት የሱም ሥራ ሳይደርስ መውጣቱን፣ ሣጥኑንም የጠገነው ኢብሳ እንደነበር ትዝ አለው። ሌላዋ ደግሞ ኢብሳ ሰላም ስትለው ፊቱን እንደሚያዞር ተናገረች። ነገሩ ከአዳራሹ ሲወጣ ከገባበት ይልቅ ሰፍቶ ወጣ። ቅብብል ሙዚቃ ብቻ አያመላልስም፤ ወሬም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድሬዳዋ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በኢብሳ ሱቅ በኩል ስታልፍ ሰዎች ለጥገና የሰጡትን ሣጥን እያቀፉ ሲወጡ አየች። ኢብሳ በሩ ላይ ቆሞ አንዱን ሰው የሚጠይቀው ነገር ነበር፤ ሰውየው እየሄደ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር መለሰለት። ኢብሳ ሰውየው ከታጠፈ በኋላም በሄደበት አቅጣጫ ሲያይ ቆየ። ፈትለወርቅ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ወደ ሱቁ ሳትዞር መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ጋሽ ተካልኝ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ስርቆቱን የቅብብል ጥገና ክፍል ካረጋገጠ ነገሩን ለሕዝብ መናገር ይቻላል፣ ሰውም ከዜማው ይልቅ ለታሪኩ ሲል ይመጣል አሏት። ፈትለወርቅ ሐሳቡን አልወደደችውም፤ ቢሆንም ሄደች።

የጥገና ክፍሉ ለገሃር አጠገብ ባለ ቀዝቃዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። የተቀበለቻት ኢንጂነር ረምላ የምትባል ሴት ናት። ጉንፋን ይዟት ዝንጅብል ታኝካለች፣ በየመሃሉም ይቅርታ እየጠየቀች ትናፈጣለች። የረምላ ሥራ ቅብብል ላይ የተበላሸ ነገር ከየት እንደተነሣ መፈለግ ነው። ፈትለወርቅ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ የኢብሳንም ስም ነገረቻት። ረምላ ስሙን ሰማች፤ ያለቻት ግን ጠብታሽን ስጪኝ ነው።

ጠብታዋን በመስተዋት ሳህን ላይ አስቀመጠችና ግድግዳው ላይ የከተማውን ካርታ አበራች። ዜማው ያለፈበት መንገድ ሁሉ በቢጫ ክር ተዘርግቷል፤ ከተማው የሸረሪት ድር ያደራበት ይመስላል። ረምላ ጊዜውን ወደ ኋላ ስትመልሰው ክሮቹ እየሳሱ፣ እየተሰበሰቡ፣ እየተጠቀለሉ ሄዱ። ከሳቢያን ለቀቁ። ከመጋላ ለቀቁ። በመጨረሻ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች፤ እሷም በከዚራ መንገድ ላይ የምትሄድ ነጥብ ነበረች።

«ይቺ አንቺ ነሽ» አለች ረምላ።

ፈትለወርቅ መጀመሪያ ያሰበችው ኢብሳ ጠብታዋ ውስጥ አንድ ነገር ቀብሮባት ይሆናል የሚል ነበር። ይህንኑ ተናገረች። ረምላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠብታዋ በማንም እጅ አልተነካካችም አለች። ከዚያ ችግሩን አስረዳቻት። ባለቤቱ ያሸገው ነገር ከጠብታ አይወጣም፣ ይሄ የቆየ ሕግ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን ለጠብታዎች ሁሉ አዲስ ሕግ ተጨመረላቸው። ሙዚቃ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ አንዳንዴ ጫፉ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ጠብታዋ የተቆረጠውን ይዛ ወደ ጎረቤቶቿ ትሄድና የቀረው ማን ጋ አለ ብላ ትጠይቃለች። የፈትለወርቅ ዜማ ሊወርድ ሲል የቆመ ዜማ ነው። ጠብታዋ ያላለቀ መሆኑን በምን ታውቃለች፤ የተሰበረ መሰላት።

«የታሸገ አይወጣም፤ የተሰበረ ግን እርዳታ ሊጠይቅ ይወጣል» አለች ረምላ። «ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ይቅደም የሚለውን ያሰበ ሰው የለም። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ፈትለወርቅ ያን ሁሉ ሰማች። አንድ ነገር ግን አልገባትም። የቀረው ማንም ጋ አልነበረም፤ እሷ ጋ እንኳ አልነበረም። ታዲያ መጨረሻውን ማን ሠራው ብላ ጠየቀች።

ረምላ አፍንጫዋን ጠረገችና የቆዩትን ቅጂዎች አንድ በአንድ አሰማቻት። የመጀመሪያው እንደ ፈትለወርቅ ዜማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሁለተኛው መጨረሻ ላይ ግን በጣም የሳሳ ነገር ተሰማ፤ የወንድ ማንጎራጎር፣ የደከመ፣ ከዜማው ትንሽ የወጣ። ጠብታ የጉሮሮን ንዝረት ትሰማለች፣ ሰው ድምፅ ሳያወጣ በልቡ የሚለውን እንኳ ትለቅማለች። ሰውየው የተቆረጠውን ዜማ ሰምቶ መንገዱን እየሄደ ሳያውቀው ቀጥሎለታል፤ ጠብታውም የቀረው ተገኘ ብላ ወስዳ ለጥፋዋለች። ቀጣዩ ቅጂ ላይ አንዲት ሴት ያንኑ ይዛ ታች ድረስ አወረደችው፤ ሕፃን እያስተኛች ይመስላል፣ በየመሃሉ እሹሩሩ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የሚሥቅ ሰው አለ። ከዚያ ብዙዎች፣ ከዚያ መለየት የማይቻል ብዙ። አንዱ የሳተውን ሌላው አቃንቶ፣ ጠብታዎቹም የሚስማማውን እያስቀሩ የማይስማማውን እየጣሉ፣ በመጨረሻ ያ ትራም ውስጥ የሰማችው ሽማግሌ ደረጃውን ወረደ።

ፈትለወርቅ እንባዋ መጣ። ረምላ ጉንፋኗን ሰበብ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ፈትለወርቅ፣ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት፣ ከነዚህ ሰዎች መሃል ኢብሳ እንዳለ ጠየቀች። ረምላ ፈልጋ አጣችው። በዚህ ስም የተያዘችው ጠብታ ከቅብብል ከወጣች ዓመት አልፏታል አለች፤ ከመውጣቷ በፊት ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ ከዚያም ላይ እንዲጨመር ተጠይቆ ነበር። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ ረምላ አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም። ፈትለወርቅ ጀርባዋን ሰጥታ የጠየቀችው ጥያቄ፣ በሞገዱ ላይ የተተከለው ዓይኑ፣ ማንም ሰው ሊያልፈው የማይችለው ያ የውሻ ጩኸት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት። ኢብሳ አይሰማም። ከሠራችው ሁሉ ይሄ ይበልጣል ያለው ሥራዋን ሰምቶ አልነበረም። ፊቷን አይቶ ነው።

ባዶ እጇን ወደ ኢብሳ ልትሄድ አፈረች። መጀመሪያ ስሙን ልታጠራለት ወሰነች። የሆነውን ሁሉ በገዛ ድምፅዋ ተናገረች፤ ኢብሳ ምንም እንዳልወሰደ፣ ስሕተቱ የጠብታዎቹ እንደነበር፣ ያለ ጥፋቱ የወነጀለችው እሷ እንደሆነች አንድም ሳታስቀር ተናግራ ወደ ቅብብል ለቀቀችው። ከዚያ ከተማው ውስጥ እየዞረች ጠበቀች። የትም አልሰማችውም። ትራም ውስጥ ሰው ስለ ኢብሳ ያወራል፤ የሚያወራው ግን የፊተኛውን ክስ ነው፣ ያውም ከሷ አፍ ያልወጡ ነገሮች ተጨምረውበት። ተመልሳ ረምላን ስትጠይቃት፣ ንግግሯ ጥቂት ሰዎች ጠብታ ላይ ደርሶ እንደቆመ አየች።

«ምንም አልጎደለውም እኮ» አለቻት ረምላ። «ያንቺን ቃል የሰማ ሰው የሚጨምርበት አላገኘም። ሰው እጁን የሚያስገባበት ክፍተት ያለውን ነገር ነው የሚያቀብለው። ጠብታዎቹ ይህን ከየትም አላመጡትም፤ እኛኑ ሲሰሙ ኖረው የተማሩት ነው።»

አዳራሹም አልሆነላትም። ጋሽ ተካልኝ እውነቱን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ፤ ሌባ የሌለበትን የስርቆት ታሪክ ልስማ ብሎ የሚመጣ ግን የለም አሉ። ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጡት። ፈትለወርቅ አልተከራከረችም።

ወደ ኢብሳ ሱቅ የሄደችው ከምሳ በኋላ፣ መንገዱ ከሙቀቱ የተነሣ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ኢብሳ አቧራ በለበሰ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ነበር። አይቷት አልተነሣም፣ ውጪም አላላትም። ፈትለወርቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ከንፈሯን ማየቱን እያረጋገጠች ሁሉንም ነገረችው። ወጥመዱን ጭምር ነገረችው። እሱም ጆሮው መድከም ከጀመረ መቆየቱን፣ ሣጥን ሠሪ አይሰማም ከተባለ የሚመጣበት ሰው እንደማይኖር ፈርቶ መደበቁን፣ ያለፈውን አንድ ዓመት በእጁ ልማድና በሰው ፊት ሲሠራ መክረሙን ነገራት። ለሷ እንኳ ያልነገራት፣ ለሷ ከነገራት እውነት ስለሚሆንበት ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም፤ የገዛ ድምፁንም በቅጡ የማይሰማ ሰው ድምፅ ነው።

ፈትለወርቅ ጠብታዎቹን አሰበች። የቆመ ዜማ አገኙ፣ የተሰበረ መሰላቸው፣ ሞሉት። እሷም ዝም ያለ ሰው አገኘች። ልዩነቱ የከተማው ሰው ሳያስበው የሞላው ነገር አምሮ መውጣቱ ነው።

ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። ኢብሳ ይቅርታውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሰዎቹ ዜማውን እንዴት እንዳወረዱት ጠየቃት። ልታንጎራጉርለት አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ከዚያ በጣቷ ጠረጴዛው አቧራ ላይ ሣለችለት፤ ወደ ላይ የወጣውን፣ የቆመበትን፣ ከዚያ አንድ ደረጃ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ደረጃ፣ እስከ ታች። ኢብሳ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በዓይኑ ተከተለው። እስኪያበቃ አየውና ደግሞ ከላይ ጀምሮ አየው።

«እኔም እንዲህ ነበር የምቋጨው» አለ። «እንዳለ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።»

ፈትለወርቅ ቀና ብላ አየችው። ካርታውን በዓይኗ አይታለች፣ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰምታለች፣ ጠብታ ከሌለው ዓመት እንዳለፈው ታውቃለች። ያም ሆኖ አንድ ትንሽ ጥርጣሬ ደረቷ ውስጥ ጆሮውን ቀሰረ። የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልቆየም። ኢብሳ ግን ዓመት ሙሉ ሲኖር የኖረው ፊት እያነበበ ነው።

«አሁንም?» አላት።

መዋሸት ትችል ነበር።

«ትንሽ» አለችው።

ኢብሳ አልተቆጣም፣ አልሣቀም። ተነሥቶ የመስኮቱን መጋረጃ ከፈተና ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ወንበሯን በእጁ ገፋ አደረገ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት። «ቀስ ብለሽ። ያመለጠኝን በራሴ ግምት እንዳላሟላው።»